ወደ ጥያቄ አርባ አንድ ይለፉ

ቧንቧ ውሃ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
በየኅዳሩ፣ ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ሰው ቤት ሲገባ፣
እመጣለሁ ቅጼን ይዤ፤ አርባ አራት ጥያቄ፣
የስልክ ካርድ በኪሴ፣ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አጥልቄ።

ስም አይጻፍም ይላል መመሪያው፣ በቀይ ተሰምሮ፤
ስለዚህ የማውቀው ሰው ሁሉ ፊደልና ቁጥር ነው፣ አምናም ሆነ ዘንድሮ።
ደ-ዘጠኝ ሊስትሮ ነበር፤ አሁን ልባሽ ይሸጣል ሰኞ ገበያ።
ደ-አሥራ ሁለት የጂቡቲ መስመር ረዳት ነው፤ ኮምቦልቻ ነች የሱ ማደሪያ።
ደ-ሠላሳ ተማሪ ነኝ ትላለች፤ የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤
ቅጹ አይጠይቅማ። እኔም ከቅጹ አልወጣም።

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት ስንት ጊዜ?» እላለሁ። ሳቅ ነው የሚቀድመው፤
ከዚያ ጣት ቆጠራ፤ ከዚያ ዝምታ፣ በምንም ኮድ የማልሰይመው።

ጫቱን ማንም አይደብቅ፤ ምርቃናውም ጨብሲውም የአደባባይ ነው፤
እኔ የተላክሁት ከዚያ ወዲያ ላለው፣ ስሙ በየዓመቱ አዲስ ለሚሆነው።
አምና «መጋዝ» ያሉት ክኒን ዘንድሮ «አስታራቂ» ተባለ፤
የሚጨሰው «ያጎቴ ደብዳቤ» ሆነ፤ አጎት የሌለውም «ደረሰኝ» አለ።
«ዋጋውስ?» ስለው ደ-ዘጠኝን፣ «ሽንኩርት ነው የጨመረ፤
እሱ እንዳለ ነው። ሽንኩርቱን ጻፍልኝ» ብሎኝ ነበረ።
አልጻፍሁም። የሽንኩርት ሣጥን አልነበረም።

ቢሮ፣ ወይዘሮ ከድጃ ሠንጠረዡን ሲያዩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤
«ይኼኛው ሦስት በመቶ ወጣ፣ ያኛው አንድ ወረደ» ይላሉ።
እኔ መቶኛ ሳይ የሚታየኝ ዱካ ነው፦ አምና ሰው የነበረበት፣ የከበረ፣
ዘንድሮ ማንም የማይቀመጥበት። «ያ ልጅስ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ወሬው ተቀየረ።

ደ-አሥራ ሰባት ባጃጅ ይነዳል። አራት ዓመት ጠየቅሁት።
በመጀመሪያው መሬት እያየ መለሰ፤ በሁለተኛው ቀልዱን ለመድሁት።
በሦስተኛው፣ ለምስጋና የሰጠሁትን ካርድ መፋቅ አቅቶት፣
ሳንቲሙ ከጣቱ እየወደቀ፣ እኔው ፋቅሁለት።

ዘንድሮ ቀድሞኝ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤
ደብተር በብብቱ ይዟል።
«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ተጠቅመዋል?»
«የለም። ወላሂ፣ የለም።»
ቅጹ ላይ ቀስት አለ፦ አልተጠቀምሁም ካሉ ወደ ጥያቄ አርባ አንድ ይለፉ።
ሠላሳ አምስት ጥያቄዎች አንድ ላይ ታጠፉ።
ዕድሜ። ትምህርት። ጋብቻ። ቀበሌ።

«አለቀ?»
«አለቀ።»
«ስወስድ'ኮ ሁለት ሰዓት ታስቀምጠኝ ነበር፣ ውሃ እየገዛህ፤
ዘንድሮ ሁለት ደቂቃ? ምነው፣ ምን በደልሁህ?»

ደብተሩን ገለጠ። የሕፃን ደብተር፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ያለው።
ቀን በቀን ጽፏል፦ «ፒያሳ ልጆቹ አሉ። በሆጤ ዞርሁ። ግማሽ ሊትር ቤንዚን በላው።
ሰኔ ሁለት፣ ሌሊት። ሰዓዳ ቁልፉን ደበቀችብኝ፤ ተሳደብሁ።
ሰኔ ሦስት። ይቅርታ አልጠየቅሁ።
ሐምሌ። ዝናብ። እንቅልፍ የለም። ነሐሴም የለም።
ጳጉሜ አምስት። ተኛሁ።» ከዚያ በታች ምንም።
«ትጠይቀኛለህ ብዬ'ኮ ነው የጻፍሁት» አለ።

ቅጹን ገለበጥሁት። ጀርባው ነጭ ነው፤ ማንም ኮምፒውተር ላይ የማያሰፍረው።
ከላይ ጀመርሁ፦ ቤንዚን፣ ግማሽ ሊትር በቀን፣ ደ-አሥራ ሰባት በሆጤ ዞሮ የከሰረው።
ሽንኩርቱንም ጨመርሁ፣ ዘግይቼም ቢሆን።

ካርዱን ሰጠሁት። ከኪሱ ሳንቲም ፈለገ።
ጣቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አየሁ። ማየቴንም አየ፤ አልደበቀ፤
ቀስ ብሎ፣ ቁጥሩን አንድ ባንድ እያስነበበኝ፣ ራሱ ፋቀ።